ጨረቃ የያዘችው ቅዳሜ

ልጄ ኢፍቱ ጉባኤው ወደ ቅዳሜ መዛወሩን የነገረችኝ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነው። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና «እማዬ፣ ተገላገልኩ! አዲስ ቀን ተገኘ» አለችኝ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ቀድሞ የመጣብኝ ስጋት ነው። እኔ እንዲህ ነኝ። ባለቤቴ ጀቤሳ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጅቡቲን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስበት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር መኪናው ገደል ገብቶ እየታየኝ ነው የማነሳው። እሱ «ደርሻለሁ» ይለኛል፤ እኔ ድምፁ ለምን ቀጠነ እያልኩ አንድ ሰዓት ስብሰለሰል እቆያለሁ። ሰው መልካም ወሬ ይዞልኝ ሲመጣ ከኋላው ምን እንደተከተለው ነው የማየው።

ኢፍቱ የምትሠራው ቃሊቲ፣ በአንድ የትራንዚተሮች ማኅበር ነው። ትራንዚተሮች ከውጭ የሚገባውን ዕቃ የጉምሩክ ወረቀት አስጨርሰው ለባለቤቱ የሚያስረክቡ ሰዎች ናቸው። ማኅበሩ ስለ ዓለም አቀፍ ንግድና ስለ ጭነት ደህንነት ትልቅ ጉባኤ ጠርቶ ነበር፤ መቶ ሰማንያ ሰው፣ ከስድስት አገር። እንግዶቹን መጥራት፣ አዳራሹን መያዝ፣ ቀኑን ማሳወቅ የልጄ ሥራ ነው። ከተቀጠረች ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም። አለቃዋ አቶ ቀናው «ይህን ጉባኤ ካሳካሽ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ካበላሸሽው እኔም ላድንሽ አልችልም» ብሏታል። እሷ የሰማችው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፤ እኔ ሁለተኛውን።

መጀመሪያ የተያዘው ቀን የተሰረዘው አዳራሹ ለመንግሥት ስብሰባ ስለተፈለገ ነው። በአንድ ስልክ ተወሰደ። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ስታዛውር ከረመች።

«የትኛው ቅዳሜ?» አልኳት።

«የዛሬ ሁለት ሳምንት። ዒድ ዓርብ ነው፣ ጉባኤው በማግስቱ። አቶ ቀናው ራሱ ነው የመረጠው፤ ሰው በዓሉን አክብሮ፣ ጠግቦ ይመጣል አለ። ደብዳቤው ለሁሉም ሄዷል።»

ተነሥቼ ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን የቀን መቁጠሪያ ተጠጋሁ። ዓርብ በቀይ ታትሟል። ከሥሩ ግን መነጽሬን ካላደረግሁ የማላየው ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ በዓሉ እንደ ጨረቃዋ መታየት በአንድ ቀን ሊገፋ ይችላል ይላል።

«ጨረቃዋ ባትታይስ?»

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ! አሁን ጨረቃም አስፈራችሽ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን እየቀነሰ ሄደ። መጥታ ከጎኔ ቆመችና ጽሑፉን አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ሁለተኛ ጊዜ አነበበችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

ፊት ለፊታችን ያለው ቤት የሰኪና ነው። ቱሉ ዲምቱ የጨርቅ ሱቅ አላት። ገላን ኮንዶሚኒየም በአንድ ቀን ነው የገባነው፤ ዕጣ የወጣልንም በአንድ ቀን። በሯን አንኳኳን።

«ሰኪና፣ ዒድ መቼ ነው?»

«ዓርብ ወይ ቅዳሜ።»

«ቁርጡን ንገሪን እንጂ!»

«ቁርጡን ሐሙስ ማታ ራሷን ጠይቂያት። እኔ ለጨረቃ ምኗም አይደለሁም» አለችና የኢፍቱን ፊት ስታይ ቀልዱን ተወችው። «ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

ኢፍቱ ነገረቻት። ሰኪና መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። «ወላሂ፣ ቅዳሜ ዒድ ከሆነ አባዬ ከቤት አይወጣም። ለንጉሥም ቢሆን አይወጣም።»

አባቷ ሐጂ ሀይረዲን ይባላሉ፤ አቃቂ ነው የሚኖሩት። አርባ ዓመት በትራንዚተርነት ሠርተዋል፤ እንግዶቹ አብዛኞቹ የሚመጡትም እሳቸውን ለመስማት ነው። የኮንቴይነር በር የታሸገበት ማሸጊያ ሳይበጠስ፣ ቁጥሩ ሳይቀየር፣ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሁሉም ግራ ይጋባል። ሐጂ ግን የበሩን መያዣና የማጠፊያውን ቡሎን በጣታቸው ዳሰው «እዚህ ጋ ተፈቶ ተመልሷል፤ ቀለሙ አዲስ ነው» ይላሉ። ሌባው ማሸጊያውን ሳይነካ የበሩን ቡሎን ፈትቶ ነዋ የገባው። ይህን ዕውቀት በመጽሐፍ አልጻፉትም። ቅዳሜ ዒድ ከሆነ እሳቸው ብቻ አይደሉም የሚቀሩት፤ ከትራንዚተሮቹና ከሾፌሮቹ ግማሹ ቤተሰቡ ዘንድ ነው።

«እንግዲህ አለቀ» አልኩ። አንደበቴን መያዝ አልችልም። «ባዶ አዳራሽ ነው። ያባርሩሻል።»

ኢፍቱ ወደ ቤት ተመለሰች። ላፕቶፗ ፊት ተቀምጣ አዲስ ገጽ ከፈተች።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው ወደ አለቃዋ ሳይሆን ወደ አዳራሹ ነው። ቅዳሜን ይዞ እሑድንም ለመያዝ ይቻል እንደሆነ ልትጠይቅ። ነገሩ የማይሆን መስሎኝ ነበር፤ ያ አዳራሽ እሑድ እሑድ የሰርግ መኪና የሚያጥለቀልቀው ነው። ኃላፊው ግን ሳቀባት አሉ። «እህቴ፣ በሁዳዴ ጾም ማን ይዳራል? እሑዱን ከፈለግሽ እስከ ፋሲካ ውሰጂው!» በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ውለው ነበር። አንዱ ጾም ቅዳሜያችንን ሲይዝብን ሌላው እሑድን ባዶ አድርጎ ጠበቀን። ይህን ስትነግረኝ ሁለቱ ጾሞች ከላይ ሆነው ስለ ልጄ ሲመካከሩ የዋሉ መሰለኝ።

«ታዲያ በቃ፣ አሁኑኑ እሑድ አድርጉት!» አልኳት።

«አቶ ቀናው እንቢ አለ። ጉባኤውን የሚከፍቱት የመንግሥት ሰዎች እሑድ አይመቻቸውም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ብዙ ነው። ‹ጨረቃዋ ካስገደደችኝ ብቻ› አለ።»

«ተቆጣ?»

«ትንሽ። ‹አሁን እኔ ለሮተርዳም ሰዎች ጨረቃ እየጠበቅን ነው ብዬ ልጻፍ?› አለኝ። ‹እኔ እጽፈዋለሁ› አልኩት።»

ጻፈችው። ሐሙስ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቁርጡን አሳውቃችኋለሁ፤ ጨረቃዋ ከታየች ቅዳሜ፣ ካልታየች እሑድ፤ እስከዚያ ትኬታችሁን ሊቀየር የሚችል አድርጉት አለቻቸው። አቶ ቀናው ፈቀደላት፤ አንድ ነገር ግን አስጠነቀቃት። «ሐሙስ ማታ እኔ ‹ላኪ› ሳልልሽ አንዲት ፊደል እንዳትወጣ። የመንግሥት እንግዶቹን አስቀድሜ ማናገር ያለብኝ እኔ ነኝ።»

እኔ የጠበቅሁት ስድብ ነበር። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት አገር ነው ይላሉ፣ ይስቁብናል፣ ይቀራሉ ብዬ ሦስት ቀን አልተኛሁም። ከዚያ መልሶቹ መምጣት ጀመሩ። ኢፍቱ እያነበበች ትተረጉምልኝ ነበር፤ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ በተማርኩት እንግሊዝኛ ከትከሻዋ በላይ የገባኝን እለቅማለሁ።

ከሞምባሳ ወደብ አንድ ሰው እንዲህ አለ፦ «እህቴ፣ ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግሽም። እኛም ያን ዕለት ማታ አሸዋው ላይ ቆመን እሷኑ ነው የምንፈልገው። የመርከቦቹ መብራት ስለሚያስቸግረን ከወደቡ ራቅ እንላለን።»

ከዳሬሰላምም እንዲሁ። ከሮተርዳም ግን አንዲት ሴት የጻፈችው ነው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው። «ትልልቆቹ መርከቦቻችን ውኃው ሞልቶ ከፍ እስኪል ከወደቡ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ። ውኃውን ከፍ ዝቅ የምታደርገው ጨረቃ ናት። ሠላሳ ዓመት የመርከብ መግቢያ ሰዓት ሳወጣ የኖርኩት በእሷ ትእዛዝ ነው። ትኬቴን ክፍት አድርጌዋለሁ» ትላለች።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ለጀቤሳ ደወልኩለት፤ ጅቡቲ ወረፋ ላይ ነበር።

«ጀቤሳ፣ ባሕሩ ይነሣል ይወርዳል እንዴ?»

«ምን?»

«ውኃው! በጨረቃ ይነሣል ወይ?»

«አዎ። ጠዋት ጭቃ ላይ ተኝቶ ያየሽው ጀልባ ከሰዓት በኋላ ተንሳፍፎ ታገኚዋለሽ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ! አንቺ የምትጠይቂኝ ስለ ፍሬን ብቻ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁት። ያን ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ጭነት፣ እኛ ሰፈር ድረስ የሚመጣውን ስኳርና ጎማ እዚያ ዳር ላይ ከፍ አድርጋ የምታስገባው እሷ ናት። ልጄም ቀኗን የምትጠብቀው ከእሷ ነው። አንገቴን ደፍቼ ድንች ስልጥ ቀና ብዬ ያላየኋት ያቺው ጨረቃ!

ሐሙስ መጣ።

የብሎካችን የላይኛው ፎቅ ኮሪደር ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፉሪ ተራራ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የብሎኩ ሙስሊሞች ቴምር አፋቸው ውስጥ እንዳለ፣ ሻይ በብርጭቆ ይዘው ወጡ። እኛም ወጣን፤ ክርስቲያኑም ወጣ። የልጄ ነገር በብሎኩ ተወርቶ ነበርና ሁሉም ሰው «ዛሬ ጨረቃ ለማን ልትፈርድ ነው?» እያለ ነው የሚወጣው። ኢፍቱ ላፕቶፑን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ከታች የዋናው መንገድ መኪኖች መብራታቸውን እያበሩ ነበር። ከተራራው በላይ ሰማዩ መጀመሪያ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ፣ ከዚያም አረንጓዴ የሚመስል ስስ ነገር ሆነ። እንዲህ ዓይነት ሰማይ መኖሩን አላውቅም ነበር። ቀና ብዬ የማየው ዝናብ ልብሴን ያበሰብስብኛል ብዬ ስሰጋ ነው።

«ያውና! ያውና!» ብሎ አንዱ ጎረምሳ ጮኸ።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ።

«እሱ አውሮፕላን ነው፣ ሂድ ከዚህ!» አለችው ሰኪና። «መብራቷ ብልጭ ድርግም የሚል ጨረቃ የት አይተሃል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሞተ። ስልሳ የሚሆን ሰው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ አንድ ላይ ወደ አንድ ቦታ እያየ ዝም ሲል ምን እንደሚመስል አልገልጸውም። ከፉሪ ላይ ደመና አልነበረም፤ ከፋብሪካዎቹና ከመንገዱ የተነሣ ግን ስስ አቧራ ነበር። እኔ ለማን እንደምጸልይ ግራ ገባኝ። ብትታይ ቅዳሜ ይጸናል፤ ባትታይ እሑድ አለ። ነገር ግን ይህን ማሰብ አቆምኩ። የሞምባሳው ሰውዬ አሁን አሸዋ ላይ ቆሟል። የሮተርዳሟ ሴትዮም መስኮቷ ላይ ትሆናለች። ሁሉም ቀና ብሏል። ከዚህ ኮሪደር እስከዚያ ባሕር ድረስ በአንድ ክር የተሰፋን መሰለኝ፤ ለአፍታ መፍራቴን ረሳሁ።

ሰማዩ ጨለመ። ምንም አልታየም።

አንድ ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል የሰኪና ስልክ ጮኸ። ሐጂ ነበሩ። «አልታየችም። ተነግሯል። ዒድ ቅዳሜ ነው» አሉ።

ሰዉ «ኢንሻአላህ በሰላም ያድርሰን» እየተባባለ ለአንድ ቀን ተጨማሪ ጾም ወረደ። ኢፍቱ ለአቶ ቀናው ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ። ሚስቱ ዘንድ ደወለች፤ ገና አልገባም አለቻት። ሁለት ሰዓት ሆነ። አሥራ አንድ ጊዜ ስትደውል ቆጥሬያለሁ።

«የዳሬሰላሞቹ አሁን ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሊወጡ ነው» አለች። «ከወጡ ነገ ይገባሉ፤ ትኬቱ ደግሞ ከተነሡ በኋላ አይቀየርም፤ መመለሻቸው እሑድ ጠዋት ነው። ጉባኤው ሳይጀመር ይሄዳሉ።»

«አትላኪው» አልኳት። እጇን ያዝኳት። «ላኪ ሳልልሽ አንዲት ፊደል አትውጣ ብሎሻል። ልጄ፣ አደራሽን። ሰዎቹ ቢቀሩ ጥፋቱ የጨረቃ ነው። ከላክሽው ግን ያንቺ ነው።»

«እማዬ፣ መቶ ሰማንያ ሰው ቀና ብሎ እኔን እየጠበቀ ነው።»

«እሱም እየጠበቀሽ ነው! ቋሚ የሚያደርግሽ እሱ ነው!»

«ልቀቂኝ፣ እማዬ።»

በቁጣ አይደለም ያለችው። እንደ ትልቅ ሰው፣ ቀስ ብላ ነው። እጄ ራሱ ለቀቃት። አንዲት ቁልፍ ተጫነች።

ምንም ድምፅ አልነበረም። አንድ ነገር ይፈነዳል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ከዚያ፣ ውኃ ገና መፍላት ሲጀምር ጠብ ጠብ እንደሚለው፣ መልሶቹ መግባት ጀመሩ። ደርሶኛል። ደርሶኛል። ካምፓላ፣ ደርሶኛል። ዳሬሰላም፣ ከበር ተመልሰናል፣ እናመሰግናለን። ሞምባሳ፣ እኛም አላየናትም። እዚያ ሲሚንቶ ደረጃ ላይ፣ የመብራት ኃይል አምፖላችን ሲርገበገብ፣ ልጄ በስድስት አገር ያሉ ሰዎችን ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገረችው። ይህቺ ልጅ ከኔ ሆድ ነው የወጣችው? የመብራት ቁልፍ ከመጫኔ በፊት እጄ ደረቅ መሆኑን ሦስት ጊዜ ከማይ ከኔ?

አቶ ቀናው ሦስት ሰዓት ላይ ደወለ። ቃሊቲ መንገድ ተዘግቶ ለሁለት ሰዓት ያህል ታክሲ ውስጥ ቆይቷል፤ ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። ኢፍቱ ነገረችው።

«ሄዷል?» አለ።

«ሄዷል።»

«ሳልፈቅድልሽ?»

«አዎ።»

«እሺ» ብሎ ዘጋው።

ያ «እሺ» ለኔ ሁለት ቀን የቆየ ሕመም ሆነብኝ። ዓርብ ቢሮ ገብታ ስትመለስ «ምን አለሽ?» አልኳት። «ምንም። የመንግሥት እንግዶቹን ሲለማመጥ ነው የዋለው። ቀና ብሎም አላየኝም» አለች። ቅዳሜ ዒድን ለማክበር ሰኪና አቃቂ አባቷ ቤት ወሰደችን፤ ለኛ የጾም ምግብ ለይታ አቅርባልን እኔ ግን ቁራሹን በጣቴ አገላብጥ ነበር። ሐጂ ሀይረዲን አይተውኝ «አንቺ ሴት፣ ሰውዬው ሊያባርራት ቢፈልግ ዓርብን አያሳልፍም ነበር» አሉኝ። «ወይም ጉባኤው እስኪያልቅ እየጠበቀ ነው» አልኳቸው። «ልብሽ ውስጥ መጋዘን አለ፤ ክፉ ክፉውን ብቻ የምታከማቺበት» ብለው ሳቁብኝ።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ እንደወጣሁ ነጠላዬን ሳላወልቅ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ለመግባት አልነበረም። በር ላይ ቆሜ ስንት ሰው እንደመጣ ልቆጥር ነበር፤ ባዶ ከሆነ ልጄን ይዤ ልመለስ። ቆጠራውን ስልሳ ላይ ተውኩት። ከቤተ ክርስቲያን ነጭ ለብሰው የመጡ አሉ፤ የዒድ ልብሳቸውን ያላወለቁ አሉ። ረጅም ነጭ ቀሚስ የለበሰ ሰውዬ፣ የሞምባሳው ሳይሆን አይቀርም፣ ከመኪና ወርዶ ሐጂን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ወደ ውስጥ የገፋኝ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ራሴን ከኋላ ረድፍ አጠገብ አገኘሁት።

ሐጂ መድረክ ላይ አልወጡም። ሁለት የኮንቴይነር በሮች አስመጥተው ግቢው ውስጥ አቁመዋቸው ነበርና እንግዶቹን ሁሉ ወደ ውጭ አወጧቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለቱም በሮች ላይ ጣታቸውን አስኬዱ። ያ ሁሉ የሠለጠነ ሰው፣ ማሽን ያለው ሰው፣ ትንፋሹን ውጦ ጣታቸውን ይከተላል። አንዱ ቡሎን ላይ ሲደርሱ ቆሙና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። አጭር ፀጉር ያላት ነጭ ሴት፣ የሮተርዳሟ ትሆን ይሆናል፣ ተጠግታ የራሷን ጣት የእሳቸው ጣት ባለበት አሳረፈች። ቆየችና «አዎ» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

እሱን እያየሁ ሳለ ከጎኔ አንድ ሰው መጥቶ ቆመ። ኮትና ክራባት ያደረገ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ።

«የኢፍቱ እናት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ነኝ» አልኩ። አቶ ቀናው መሆኑን አወቅሁ።

«ሐሙስ ማታ ያዘዝኳትን ጥሳለች።»

«ነግሬያት ነበር፣ ጌታዬ። አትላኪ ብያት ነበር። ለመንኳት።»

«እርስዎም ከለከሏት?» ዞሮ አየኝ። «ሁለታችንንም ጥሳ ነዋ የላከችው።»

ዞሬ ልጄን ፈለግኋት። በሩ አጠገብ ኢፍቱ የስም ዝርዝር ይዛ ቆማ የዘገዩትን እያስገባች ነበር። አላየችንም።

«ሁለት ቀን ተናድጄ ነበር» አለ። «ስልኬ ቢከፈት ኖሮ ‹ቆይ› እላት ነበር። የመንግሥት እንግዶቹን ሳላገኝ እስከ አራት ሰዓት አቆያት ነበር። ይህን ሳስብ ነው ንዴቱ የለቀቀኝ። የዳሬሰላሞቹ እነዚያ ናቸው፣ ይዩዋቸው።»

አየኋቸው። አራት ናቸው። አንደኛው ሐጂ የነኩትን ቡሎን ፎቶ እያነሣ ነበር።

«ሰኞ ደብዳቤዋን እፈርማለሁ» አለኝ።

«የምን ደብዳቤ?» ብዬ ጮኽኩ። ሰዎች ዞረው አዩኝ።

«የቋሚነት ነዋ፣ እናቴ! ምን መሰለዎት?»

ሰዉ ከግቢው ወደ አዳራሹ መመለስ ጀመረ፤ እኔም ለመውጣት ዞርኩ። አቶ ቀናው ግን ወደ አዳራሹ መልሶኝ በእጁ ወንበር አሳየኝ። ሳየው ወንበሩ ተይዟል። ቀጥሎ ያለውም ተይዟል። ሁሉም ተይዟል፤ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙም ነበሩ። እኔም ከነሱ ጋር ቆምኩ።